«አምኗል» ማለት ምንድን ነው?

ሰሞኑን ከደብረ ማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላም ስሄድ መኪናው ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። አንድ ተንታኝ ስለ ተፋጠነ ችሎት፣ አርቲዲ ስለምንለው ቀላል የወንጀል ጉዳይ ቶሎ የሚዳኝበት ሥርዓት፣ ያስረዳል። «ተከሳሹ ካመነ መዝገቡ አንድ መስመር ይበቃዋል» አለ። ይህችን አባባል ስንቴ እንደሰማኋት!

እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው ጉዳዩ ቶሎ ይታይለት፤ በዚህ ጸብ የለኝም። ጸቤ «ፈጣን» የሚለውን «ሳይጻፍ» ብሎ ከሚተረጉም ጋር ነው።

የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 134 አንድ ሰው አምኗል የሚባለው መቼ እንደሆነ ይናገራል። የተከሰሰበትን ወንጀል ፍሬ ነገር በሙሉ፣ ያለ አንዳች «ግን» ሲቀበል ነው። «መታሁት፣ ግን ገጀራ አንስቶብኝ ነው» ያለ ሰው አላመነም። የተናገረው መምታቱን ነው። ያችን «ግን» የሰማ ዳኛ ክዷል ብሎ መዝግቦ ማስረጃ ወደ መስማት ያልፋል። ከ«ግን» በኋላ ያለው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 መሠረት ሕጋዊ መከላከል ሊሆን ይችላላ! (ለፖሊስ የተሰጠ ቃል ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ከዚህ ጋር አታምታቱብኝ።)

አንድ አዛውንት ገበሬ በእርሻ ድንበር ጠብ ተከሰው ከተፈረደባቸው በኋላ ይግባኝ እንድጠይቅላቸው ወደ እኔ መጡ። የመዝገቡን ግልባጭ ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ሰጡኝ። አራት ቦታ ታጥፏል። የእምነት ክህደት ቃላቸው ያለበትን ፈለግኩ። «ተከሳሽ ተጠይቀው ድርጊቱን አምነዋል» ይላል። በቃ።

«ልጄ፣ ከነምክንያቱ ነግሬያቸው የለ እንዴ?» አሉኝ።

ጎጃም ውስጥ ደመና ባንዣበበበት ቀን ጤፍ የሚያበራይ ገበሬ ይቸኩላል። በሬ ይጨምራል፣ ጎረቤት ይጠራል። ፍሬውን ግን አውድማው ላይ ጥሎ አይገባም። ገለባው ቢቀር ይቅር። መዝገብም እንዲሁ ነው። ይጠር፣ ገለባው ይራገፍ፤ ፍሬ ነገሩ ግን ጎተራ ይግባ። ይግባኝ ሰሚው ዳኛ አውድማው ላይ አልነበረም። ሰውየው ሲንተባተብ፣ ክሱ ሳይገባው ራሱን ሲነቀንቅ አላየም። የሚከፍተው ጎተራውን ነው። እዚያ ያላገኘውን ጤፍ እንደበቀለም አይቆጥረውም።

ምስክር ሲሰማም ሕጉ ዝርዝር ነው። ቁጥር 147 ስም፣ አድራሻ፣ ሥራ፣ ዕድሜ፣ መማሉም ይጻፍ ይላል፤ ተቃራኒው ወገን የሚያቀርበው መስቀለኛ ጥያቄ የት እንደጀመረና የት እንዳበቃም ጭምር። ደንብ መተላለፍ የሚባለው ቀላል ጥፋት የራሱ አጠር ያለ ሥርዓት አለው፤ እሱን ይዞ ለድብደባ ክስ መከራከሪያ ማድረግ ግን አያስኬድም።

የተንታኙ አንድ መስመር አደጋዋ ቁጥር 185 ላይ ነው። በራሱ እምነት ጥፋተኛ የተባለ ሰው በጥፋተኝነቱ ላይ ይግባኝ ማለት አይችልም። የቀረለት ቅጣቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ችሎት የቀረበ ሁሉ «የተናገርኩትን ያንብቡልኝ» ብሎ ይጠይቅ እላለሁ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

እኛም በቅጣቱ ላይ ብቻ ይግባኝ አልን። ክርክሩ ሲያልቅ አዛውንቱ ብድግ ብለው «መታሁት፣ ግን...» ብለው ጀመሩ። ዳኛዋ ግልባጩን ገልጠው ደጋግመው አዩት።

«አባባ፣ እዚህ አልተጻፈም» አሏቸው።