ነጻ ንግድና ስደት የጎረቤት አገሮችን ገቢ ያቀራርባሉ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ከጥንትም የንግድ ከተማ ናት። በአባ ጅፋር ዘመን የሕርማታ ገበያ ሲራራ ነጋዴዎችን ከሩቅ ይስብ ነበር፤ ዛሬም የአካባቢው ቡና ባሕር ይሻገራል፣ ወጣቶቿም ሥራ ፍለጋ ወደ ዓረብ አገር ይሄዳሉ። ስለዚህ ድንበር ሲከፈት የድሃና የሀብታም አገር ገቢ ይቀራረባል ወይ የሚለው ጥያቄ በከተማችን ደጋግሞ ይነሣል፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ ቀልሎ ይቀርባል።

«ቀረጥ ከተነሣ ድሃው አገር ሀብታሙ ላይ ይደርሳል።»

ሐሳቡ ከመሬት የበቀለ አይደለም። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ፖል ሳሙኤልሰን እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጥናት፣ ሰው ድንበር ሳይሻገር እንኳ የዕቃ ንግድ ብቻውን ደመወዝን ሊያስተካክል እንደሚችል አሳይቷል፤ ይሁንና ስሌቱ የሚሠራው ሁለቱ አገሮች እኩል ቴክኖሎጂ ካላቸውና የማጓጓዣ ወጪ ከሌለ ነው። ከጅማ እስከ ጅቡቲ ወደብ ቡና ያስጫነ ነጋዴ ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ኢትዮጵያን ለመሰሉ እጅግ ድሃ አገሮች ከጦር መሣሪያ በቀር ለሁሉም ምርት ገበያውን ያለ ቀረጥ ከፍቷል፤ የተቆላ ቡናም ይካተታል። ሆኖም የምንልከው ቡና አብዛኛው እስከ ዛሬ ጥሬ ነው፤ ምክንያቱም የተቆላ ቡና መዓዛውን ቶሎ ያጣል፣ ቡና የሚቆሉት ኩባንያዎችም የልዩ ልዩ አገሮችን ፍሬ ስለሚቀላቅሉ ጥሬውን ይመርጣሉ፣ በሸማቹ ዘንድ የታወቀ ስም ማትረፍም ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል።

ሜክሲኮም እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ከአሜሪካና ከካናዳ ጋር የነጻ ንግድ ስምምነት አላት፤ ንግዱ በብዙ እጥፍ ሲያድግ ከአሜሪካ ጋር ያላት የነፍስ ወከፍ ገቢ ልዩነት ግን አልጠበበም። እ.ኤ.አ. በ2004 የአውሮፓ ኅብረትን የተቀላቀለችው ፖላንድ በእርግጥ ወደ ሀብታሞቹ አባል አገሮች ገቢ ተጠግታለች፤ እርሷ ግን ከገበያው ጋር የመንገድና የመሠረተ ልማት ገንዘብ፣ የጋራ ሕግና የውጭ ኢንቨስትመንት አግኝታለች።

«ሰው እንደ ልቡ ቢዘዋወር ልዩነቱ ይጠፋል።»

በካሪቢያን ባሕር የምትገኘው፣ በአሜሪካ ሥር ያለችው ደሴት የፖርቶ ሪኮ ተወላጆች እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው፤ ያለ ቪዛ ይሄዳሉ፣ ያለ ቀረጥ ይነግዳሉ። የደሴቲቱ የቤተሰብ ገቢ ግን ዛሬም ከድሃዋ ግዛት ከሚሲሲፒ ያነሰ ነው። በአየርላንድ ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙዎች ሲሰደዱ በአገራቸው የቀሩት ሰዎች ደመወዝ ወደ እንግሊዝ ደረጃ ተጠግቷል። የተከፈለው ዋጋ ከባድ ነበር፦ እ.ኤ.አ. በ1841 ከ8 ሚሊዮን በላይ የነበረው ሕዝብ በረኃብና በስደት ምክንያት በ60 ዓመት ውስጥ ወደ ግማሽ ገደማ ወርዷል።

«አገር ማደግ ሲጀምር ስደት ይቆማል።»

በመጀመሪያ ይጨምራል። ፓስፖርትና የአውሮፕላን ቲኬት ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ በሬ ሸጦ ልጁን የሚልክ ቤተሰብ አለ፣ የሚሸጥ በሬ የሌለው ግን ከነችግሩ እዚያው ይቀራል። ወደ ውጭ የሚሄደው ሰው መቀነስ የሚጀምረው አገሩ መካከለኛ ገቢ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው።