ተምሳሌታዊ ሕግና የገደል ማሚቶ በአሜሪካ ወግ አጥባቂ ፖለቲካ

ተምሳሌታዊ ሕግ የሚባለው፣ አቅራቢዎቹ እንደማይጸድቅ፣ ወይም ቢጸድቅም በተግባር የሚለውጠው ነገር እንደሌለ እያወቁ፣ አቋማቸውን ለደጋፊዎቻቸው ለማሳየት ሲሉ ድምፅ የሚሰጡበት ሕግ ነው። በአሜሪካ ሁለቱም ትላልቅ ፓርቲዎች ይህን ያደርጋሉ። በሪፐብሊካን ፓርቲ ዘንድ ግን ልማዱ የተለየ ጉልበት ያገኘው፣ በምክር ቤት የተነገረውን ለአንድ ወገን የሚያስተጋቡ፣ ያ ወገን የሚለውንም መልሰው ለምክር ቤቱ አባላት የሚያሰሙ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ስላሉት ነው፤ የገደል ማሚቶ ጩኸቱን ለጮኸው ሰው እንደሚመልስለት ሁሉ፣ ፖለቲከኛውም የራሱን ቃል የሕዝብ ድምፅ አድርጎ ይሰማዋል።

የጣቢያዎቹ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከአንድ ደንብ መሻር ነው። ከ1949 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) ጀምሮ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ የስርጭት ፈቃድ የሰጣቸው ጣቢያዎች አከራካሪ ጉዳዮችን ሲያነሡ ተቃራኒ አስተያየቶችንም እንዲያሰሙ ያስገድድ ነበር። ኮንግረሱ በ1987 ደንቡን በሕግ ሊያጸናው ቢወስንም ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን አልፈርምም ብለው መለሱት፤ ኮሚሽኑም በዚያው ዓመት ሻረው። በዓመቱ ወግ አጥባቂው ረሽ ሊምቦ በመላ አገሪቱ የሚሰማ የሬዲዮ ፕሮግራም ጀመረ። በ1994 ሪፐብሊካኖች ከ40 ዓመት በኋላ የተወካዮች ምክር ቤቱን ሲያሸንፉ፣ አዲሶቹ ተመራጮች የክብር አባላቸው አደረጉት። በኦክቶበር 1996 ደግሞ ፎክስ ኒውስ የተባለው የኬብል ዜና ጣቢያ ስርጭቱን ጀመረ። እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚነገር አንድ ስሕተት መታረም አለበት፦ ደንቡ በአየር ሞገድ የሚሰራጩትን እንጂ የኬብል ጣቢያዎችን ስለማይመለከት፣ ለሬዲዮው መስፋፋት በር ቢከፍትም ለፎክስ ኒውስ መወለድ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2014 ባወጣው ውጤት፣ በአቋማቸው ወጥ የሆኑ ወግ አጥባቂዎች 47 በመቶ የሚሆኑት ዋና የፖለቲካ ዜና ምንጫቸው ይኸው ጣቢያ መሆኑን ተናግረዋል።

ሁለቱ ነገሮች እንዴት እንደሚተሳሰሩ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው ኦባማኬር የተባለው የጤና መድን ሕግ ነው። ሕጉ ገና በረቂቅ ሳለ፣ አረጋውያን ከፈለጉ ስለ ሕይወታቸው ፍጻሜ ሕክምና ከሐኪማቸው ጋር እንዲመካከሩ፣ ክፍያውንም ሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን) እንዲሸፍን የሚል አንቀጽ ነበረበት። በኦገስት 2009፣ በ2008 ምርጫ የሪፐብሊካን የምክትል ፕሬዚዳንት እጩ የነበሩት ሳራ ፔሊን በፌስቡክ ገጻቸው ይህን ሁሉ «የሞት ችሎት» (ማን ይኑር፣ ማን ይሙት ብሎ የሚወስን ሸንጎ) አሉት። ቃሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሬዲዮ ወደ ቴሌቪዥን፣ ከዚያም የምክር ቤት አባላት ከመራጮቻቸው ጋር ወደሚገናኙባቸው አዳራሾች ተሸጋገረ፤ ሽማግሌዎች ተነሥተው ሊገድሉን ነው እያሉ እንደራሴዎቻቸውን ይጠይቁ ጀመር። አንቀጹ ወጣ። ያው ምክክር ከጃንዋሪ 2016 ጀምሮ በመደበኛ የሜዲኬር ክፍያ ውስጥ ሲገባ ያን የመሰለ ጩኸት አልተሰማም።

ሕጉ በማርች 2010 ሲጸድቅ አንድም ሪፐብሊካን አልደገፈውም። በተከታዩ ምርጫ ምክር ቤቱን የያዙት ሪፐብሊካኖች በጃንዋሪ 19 ቀን 2011 ሕጉ እንዲሻር በ245 ድምፅ ለ189 ወሰኑ፤ ሴኔቱ በዴሞክራቶች እጅ ነበር፣ ኦባማም ፕሬዚዳንት ነበሩ። በቀጣዮቹ ዓመታት ሕጉን በሙሉም ሆነ በከፊል ለማፍረስ ከ50 ጊዜ በላይ ድምፅ ተሰጠ። ሁሉም ባዶ አልነበሩም፤ አንዳንድ ትናንሽ ማሻሻያዎች ኦባማ ራሳቸው ፈርመውባቸዋል። የመራጩ ቅሬታም ከምንም አልተነሣም፤ የያዛችሁትን መድን ከወደዳችሁት አይነካም ተብሎ ቃል ከተገባ በኋላ በ2013 ብዙዎች ውላቸው መሰረዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ደርሷቸዋል። ሆኖም በዚያው ዓመት ሴናተር ቴድ ክሩዝ ለሕጉ ገንዘብ እንዳይመደብ ከ21 ሰዓት በላይ ቆመው ሲናገሩ፣ በመካከሉም ቤታቸው ሆነው በቴሌቪዥን ለሚያዩዋቸው ሴት ልጆቻቸው የልጆች መጽሐፍ ሲያነብቡ፣ የሴኔቱን ውጤት የሚቀይሩበት ድምፅ አልነበራቸውም። በጀት ስላልጸደቀ መንግሥት ለ16 ቀናት ተዘጋ፤ ሕጉ ግን ቆመ።

እኔ ከባዱ ጉዳት እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ሕጉን መሻር እንደሚቻል ለዓመታት የተነገረው ሕዝብ፣ በ2017 ፕሬዚዳንቱም ሁለቱም ምክር ቤቶች የሪፐብሊካን ሲሆኑ የተገባለትን ጠየቀ፤ የማይጸድቅ ረቂቅ ሲያጸድቅ የኖረው ፓርቲ ግን የሚስማማበት ምትክ አላዘጋጀም ነበር። የተወካዮች ምክር ቤቱ በሜይ 4 በ217 ድምፅ ለ213 ሲወስን፣ የመጨረሻው ረቂቅ ምን ያህል ሰው ያለ መድን እንደሚያስቀር የኮንግረሱ የበጀት ቢሮ ገና አልገመተም ነበር፤ በኋላ የመጣው ግምት 23 ሚሊዮን ነበር። አሠሪ መድን የማይገባላቸው ብዙዎች፣ በዋሺንግተን ዙሪያ ታክሲ የሚነዱ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ ከዚህ ስጋት ውጭ አልነበሩም። በጁላይ 28 ሌሊት፣ በአንጎል ካንሰር የታመሙት ሪፐብሊካኑ ሴናተር ጆን ማኬይን ወደ ጸሐፊዎቹ ጠረጴዛ ቀርበው ክንዳቸውን ዘረጉ፣ አውራ ጣታቸውንም ወደ ታች አዞሩ። የሴኔቱ ረቂቅ በ49 ለ51 ወደቀ።

ማሚቶው ጣቢያዎቹንም ያስራል። በ2020 ምርጫ ፎክስ ኒውስ ዴሞክራቱ ባይደን በአሪዞና ግዛት ማሸነፋቸውን ከሌሎች ቀድሞ ሲያውጅ የተቆጡ ተመልካቾች ወደ ሌሎች ጣቢያዎች መሄድ ጀመሩ፤ ዶሚኒየን የተባለው የድምፅ መስጫ መሣሪያ ኩባንያ ስሜ ጠፍቷል ብሎ ባቀረበው ክስ የወጡ የጣቢያው የውስጥ መልእክቶች፣ አቅራቢዎቹ በግል የማያምኑበት የምርጫ ማጭበርበር ወሬ በአየር ሲነገር ምን ያህል ስለ ተመልካች ማጣት ይጨነቁ እንደነበር አሳይተዋል። ጣቢያው በኤፕሪል 2023 787.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ልማዱ ግን ቀጥሏል። በጃንዋሪ 2023 አንድ የሸማቾች ደኅንነት ኮሚሽን አባል የጋዝ ምድጃን ማገድ ከአማራጮች አንዱ ነው ብለው ለጋዜጠኛ ተናገሩ፤ የኮሚሽኑ ሊቀመንበር በቀናት ውስጥ እገዳ አንፈልግም ቢሉም የወግ አጥባቂ ጣቢያዎች ወሬውን አልለቀቁትም። በጁን ወር ምክር ቤቱ ምድጃውን «የሚጠብቅ» ሕግ በ248 ድምፅ ለ180 አሳለፈ። በጁላይ 2024 ደግሞ የማቀዝቀዣና የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ሕጎች ተከተሉ፤ ሴኔቱ አንዳቸውንም ለድምፅ አላቀረበም።