ብቅል ሲበቅል፦ ስለ ህዋስ ኃይልና ስለ ጂን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ገብስ ተነክሮ፣ ውሃው ተንጠፍጥፎ፣ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ጨለማ ውስጥ ሲሰነብት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን እጅ ቢሰዱበት ይሞቃል። ፍሬውን ቢያኝኩትም ጣፈጥ ይላል። ሙቀቱ የኃይል ጉዳይ ነው፤ ጣዕሙ የጂን ጉዳይ ነው። ትምህርት ቤት ግን ኃይልን በአንድ ምዕራፍ፣ ጂንን በሌላ ምዕራፍ ተምረን ሁለቱ ሳይገናኙልን ስለምንወጣ ብዙ የተሳሳተ ነገር ይዘን እንቀራለን። ብቅሉን እያየን እናርመው።

«ተክል ኃይሉን ከፀሐይ ስለሚያገኝ አይተነፍስም፤ ቢተነፍስም ማታ ብቻ ነው»

ኮባ ውስጥ ፀሐይ የለም፤ ብቅሉም ገና አረንጓዴ ቅጠል አላወጣም። ያም ሆኖ ያድጋል፣ ይሞቃል። የተክል ህዋስ እንደ እኛው ማይቶኮንድሪያ የተባለ የኃይል ማምረቻ ክፍል አለው፤ ቀንም ሌሊትም ስኳርን በኦክስጅን ያቃጥላል። ፀሐይ የምታስፈልገው ስኳሩን ለመሥራት ነው። ከስኳሩ ኃይል ኤቲፒ በተባለው፣ ለህዋሱ ሥራ ኃይል በሚያቀብለው ሞለኪውል የሚያዘው ከፊሉ ብቻ ሲሆን የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል።

ብቅል አብዝቶ ሲከመር መሃሉ የሚግለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጽንሱ፣ ማለትም ፍሬው ውስጥ ያለው የሚበቅለው ክፍል፣ ይሞታል፣ ሻጋታም ይገባበታል። ሳሳ አድርጎ ማስተኛትና ማገላበጥ ሙቀቱን ያስወጣል፣ አየርም ያስገባል። ሲነከርም እንዲሁ ነው፦ ውሃው ሳይቀየር ከቆየ በውስጡ የሟሟው ኦክስጅን ያልቅና ጽንሱ ይታፈናል፤ ውሃው መሽተት ከጀመረ ነገሩ ተበላሽቷል።

«ኤቲፒ የኃይል ጎተራ ነው»

ጎተራው ሌላ ነው፤ በገብስ ስታርች፣ በሰው ግላይኮጅንና ስብ። የኤቲፒ ኑሮ ከእጅ ወደ አፍ ነው። አንድ አዋቂ ሰው በአንድ ቅጽበት በሰውነቱ ያለው ኤቲፒ ከ100 ግራም አይዘልም፤ በቀን ውስጥ የሚሠራውና የሚያፈርሰው ግን በአሥር ኪሎዎች የሚቆጠር፣ ወደ ራሱ ክብደት የሚጠጋ ነው። ይህ የሚሆነው ያው ሞለኪውል በቀን በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየፈረሰ ስለሚሠራ ነው።

«የኤቲፒ ትስስር ሲበጠስ ኃይል ይወጣል» የሚለውም መታረም አለበት። ማንኛውንም ኬሚካዊ ትስስር መበጠስ ኃይል ይጠይቃል። ትርፉ የሚገኘው ኤቲፒ ከውሃ ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠሩት ኤዲፒና ፎስፌት ከቀድሞው ይበልጥ የረጉ በመሆናቸው ነው።

«ከአንድ ግሉኮስ 38 ኤቲፒ ይገኛል»

ይህን ቁጥር ለፈተና ያልሸመደደ ተማሪ የለም ማለት ይቻላል። የተገኘው ከስኳሩ የወጡትን ኤሌክትሮኖች ከሚሸከሙት ሞለኪውሎች እያንዳንዱን ኤንኤዲኤች በ3 ኤቲፒ፣ ኤፍኤዲኤች2ን በ2 አስበው ሲደምሩ ነው። ማይቶኮንድሪያ ግን እንዲህ በሙሉ ቁጥር አይሠራም። መጀመሪያ ፕሮቶኖችን በሽፋኑ አሻግሮ ያስወጣል፤ ሲመለሱ ነው ኤቲፒ የሚሠራው። አንድ ኤንኤዲኤች 10 ያህል ፕሮቶን ያስወጣል፤ አንድ ኤቲፒ ሠርቶ ለማውጣት 4 ያህል ይጠፋል፤ ስለዚህ 2.5። ለኤፍኤዲኤች2 ደግሞ 1.5። አሥሩ ኤንኤዲኤች 25፣ ሁለቱ ኤፍኤዲኤች2 3፣ በቀጥታ የሚገኙት 4፤ ድምሩ 32። ከሳይቶፕላዝም፣ ማለትም ከማይቶኮንድሪያ ውጭ ካለው የህዋስ ክፍል፣ የሚመጡት ኤሌክትሮኖች ትርፉ ባነሰ መንገድ ከገቡ ወደ 30 ይወርዳል።

«ጂኑ ካለ ሥራውም አለ»

ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ነው። ደረቅ ገብስ ስታርችን የሚቆራርጠው ኢንዛይም (ኬሚካዊ ሥራን የሚያፋጥን ፕሮቲን)፣ የአልፋ አሚላዝ፣ ጂን አለው፤ ኢንዛይሙ ግን የለውም ማለት ይቻላል። ጂን ዲኤንኤ ላይ ተጽፎ የተቀመጠ የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያ ነው፤ የሚያነበው እስኪመጣ ዝም ይላል።

ንባቡ እንዲህ ይጀመራል። የፍሬው እርጥበት ከ12 ከመቶ ገደማ ተነስቶ 40 ከመቶ ሲያልፍ ጽንሱ ጊበሬሊን የተባለ ሆርሞን ይለቃል። ሆርሞኑ ከገለባው ሥር ስታርቹን ወደ ከበበው ስስ ንጣፍ፣ አሌውሮን ወደሚባለው ይደርሳል። በዚያ ባሉት ህዋሶች ውስጥ ዴላ የተባለ ፕሮቲን ጂኑን አፍኖ ይዟል፤ ጊበሬሊን ሲመጣ ዴላ እንዲፈርስ ይደረጋል። እገዳው ሲነሳ ጂን አስነባቢ የሆነ ሌላ ፕሮቲን ይሠራና ከአሚላዙ ጂን መነሻ አጠገብ ዲኤንኤው ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ጂኑ ኤምአርኤንኤ ወደተባለ ቅጂ ይገለበጣል፣ ራይቦሶም የተባለው የህዋሱ ፕሮቲን መሥሪያ ቅጂውን እያነበበ ፕሮቲኑን ይገጣጥማል፣ ኢንዛይሙም ከህዋሱ ወጥቶ ስታርቹ ላይ ይዘምታል። ጣፈጥ የሚለው ያኔ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ የተደረጉ ሙከራዎች ይህን በግልጽ አሳይተዋል፦ ጽንሱ ተቆርጦ የወጣለት ግማሽ ፍሬ ውሃ ቢጠጣም አሚላዝ አይሠራም፤ ጊበሬሊን ሲጨመርለት ግን ይሠራል።

ታዲያ ጂኑ ሁልጊዜ ክፍት ቢሆን ምን ነበረበት? ወጪው አይቻልም። አሚላዝ 400 ያህል አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያ ቁራጮች) አሉት። እያንዳንዷን ለመቀጠል በትንሹ የ4 ኤቲፒ ኃይል ይጠፋል፤ ሁለቱ አሚኖ አሲዷን ከተሸካሚዋ አርኤንኤ ጋር ለማያያዝ፣ ሁለቱ ራይቦሶሙ ላይ። 1600 መሆኑ ነው፤ 50 ያህል ግሉኮስ ተቃጥሎ የሚገኝ። ያውም ኤምአርኤንኤውን ለመሥራት የወጣውን ሳንጨምር። ስታርቹ ሲቆረጥ ወጪው በብዙ እጥፍ ይመለሳል፤ ውሃ በሌለበት ጎተራ ውስጥ ግን ኪሳራ ብቻ ነበር።

«የተለያየ ህዋስ የተለያየ ጂን አለው»

የብቅሉ ሥርም የአሚላዙን ጂን ይዟል፤ እንደ አሌውሮን ግን አያነበውም። የቆዳችንና የጉበታችን ህዋስም በጂን አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ የሚነበበው ላይ ነው። ከዚህ የሚወጡ አሉ፦ ቀይ የደም ህዋስ ሲበስል ኒውክለሱን ያጣል፣ አንዳንድ የመከላከያ ህዋሶችም ጥቂት ጂኖቻቸውን ቆራርጠው ያቀናጃሉ።

«ብዙ ዲኤንኤ ያለው የበለጠ የረቀቀ ነው»

የገብስ ጂኖም 5 ቢሊዮን ያህል ፊደል አለው፤ የሰው 3 ቢሊዮን ገደማ። አብዛኛው የገብስ ዲኤንኤ ተደጋግሞ የተገለበጠ ቁራጭ ነው።

«እርሾ አልኮል የሚሠራው ኦክስጅን ሲያጣ ብቻ ነው»

የብቅሉ ስኳር ጠላው ውስጥ ለእርሾ ይደርሳል። እርሾ ያለ ኦክስጅን ከአንድ ግሉኮስ 2 ኤቲፒ ብቻ ያገኛል፤ 180 ግራም ግሉኮስ ቢበዛ 92 ግራም አልኮልና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ነገር ግን ስኳሩ ከበዛ ኦክስጅን እያለም አልኮል ይሠራል፤ ብዙ ስኳር የመተንፈሻ ጂኖቹን ያዘጋዋልና። ማልቶስ የተባለውን የብቅል ስኳር የሚያስገቡትን ጂኖችም ግሉኮሱ ሲያልቅ ነው የሚከፍተው።

«ብቅል እንዴት ቢደርቅ ያው ነው»

አይደለም። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፤ በእርጥቡ ብዙ ከጋለ ቅርጹ ይፈታል፣ ሥራውም ያበቃል። ጂኑ ዲኤንኤው ላይ ቢኖርም ጽንሱና አሌውሮኑ ከሞቱ በኋላ ዳግም የሚያነበው የለም። ብቅልን በፀሐይ ማድረቅ ትክክል የሚሆነው ለዚህ ነው። እሳት የሚያስፈልገው ጠላው ውስጥ ለሚገባው ቂጣ ነው፤ የበሰለ ስታርች ይፈታና አሚላዝ በቀላሉ ይቆርጠዋል። ቂጣው ከብቅሉ ጋር የሚገናኘው ግን ከበረደ በኋላ ይሁን።