ያገለገለ ራም ፍተሻ

ያገለገለ ራም ፍተሻ ከሌላ ኮምፒውተር የተነቀለ ራም (ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል) ሳይሳሳት እንደሚሠራ የማረጋገጥ ሥራ ነው። «ሚሞሪ» ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የስልክ ካርድ ስለሆነ፣ እዚህ «ራም» እንላለን።

ሻጭ ራሙን ሰክቶ «ይኸው፣ 8 ጊጋ ያነባል» ይላል። ማንበቡ ግን ጤነኛ አያሰኘውም። ኮምፒውተሩ መጠኑን የሚያውቀው ራሙ ላይ ካለች ትንሽ ቺፕ ነው። 8 ጊጋ ራም ከ68 ቢሊዮን በላይ ቢት፣ ማለትም ዜሮ ወይም አንድ የሚጻፍባቸው ቦታዎች፣ ይይዛል። ከነዚህ አንዱ ቢበላሽ መጠኑ ያው 8 ነው። ጉዱ የሚወጣው ቤት ከተገባ በኋላ ነው፤ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፣ ዊንዶውስ ሲጫን ግማሽ ላይ ቀጥ ይላል፣ የተቀዳ ፋይል አልከፈት ይላል።

የፍተሻው ዋና መሣሪያ ሜምቴስት86 ነው። ክሪስ ብሬዲ በ1994 እ.ኤ.አ. ጻፈው። በ2004 ሳሙኤል ደመልሜስተር ከሱ ተነስቶ ሜምቴስት86+ን አወጣ። በ2013 የመጀመሪያው ወደ ፓስማርክ ኩባንያ ዞረ፤ ከ5ኛው እትም ጀምሮ ኮዱ (ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ) ለሌላ ሰው ዝግ ሆነ። ባለ ፕላሱ ግን እስከ ዛሬ ኮዱ ለሁሉም ክፍት፣ ዋጋውም ነጻ ነው። ይህ ትልቅ ውለታ ነው። በመሃል ለዓመታት ተቀዛቅዞ ነበር። በ2022 በማርቲን ዊታከር ሥራ ላይ ተመሥርቶ እንደ አዲስ ተጽፎ 6ኛው እትም ወጣ፤ አዳዲስ ማሽኖች ላይም መነሳት ቻለ።

ፕሮግራሙ ከፍላሽ ይነሳል። ዊንዶውስ ከተነሳ የራሙን የተወሰነ ክፍል ራሱ ስለሚይዘው እዚያ ቦታ ላይ መፈተሽ አይቻልም። ፕሮግራሙ በየአድራሻው ዜሮና አንድ ይጽፋል፣ መልሶ ያነባል፣ ገልብጦ ይጽፋል፣ እንደገና ያነባል። የተጻፈውና የተነበበው ካልገጠመ አድራሻው በስህተትነት ይመዘገባል። አንድ ስህተት እንኳ ብዙ ነው።

ስንት ዙር ይበቃል? አንዳንዱ አንድ ዙር ይላል፣ ሌላው ሌሊቱን ሙሉ ይተወዋል። አንዳንድ ብልሽት ራሙ ሲሞቅ ብቻ ስለሚወጣ ሌሊቱን ማሳደሩ ይሻላል።

ስህተት ከታየ ራሙ ወዲያው አይጣልም። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ፣ ገመዱ ተነቅሎ፣ ሶኬቱ ውስጥ የሚገባው የራሙ ወርቃማ ጥርስ ይጸዳል። ብዙ ጠጋኝ በላጲስ ያሸዋል፤ ሽፋኑን ይበላዋል የሚሉም አሉ። ከዚያ ራሞቹ አንድ በአንድ፣ በተለያየ ሶኬት ይፈተሻሉ። ስህተቱ ራሙን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የራሙ ነው። የትኛውም ራም ሲሰካበት የሚሳሳት ሶኬት ካለ ግን ሶኬቶቹ ያሉበት ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ ይታይ፤ ሻጩ ንጹህ ነው።