«ሳይኮሎጂ ደግሞ ሳይንስ ነው እንዴ?» ለምትሉ

ይህ ክርክር በተነሳ ቁጥር የሚመዘዙት ነጥቦች ያው ናቸው። አንዳንዶቹ ውስጥ እውነት አለ፤ አብዛኞቹን ግን ሰው ሳይመረምር ነው የሚቀባበላቸው። በየተራ እንያቸው።

«ሳይኮሎጂ ማለት ፍሮይድ ነው»

አይደለም። ሲግመንድ ፍሮይድ ሐኪም ነበር፤ ሐሳቦቹን ያፈለቀው ታካሚዎቹ ከነገሩት እንጂ ከሙከራ አይደለም። ፈላስፋው ካርል ፖፐር ደግሞ ሐሳቦቹ ሊፈተኑ አይችሉም ብሎ ተችቶታል፦ ሰውየው ይህን ቢያደርግም ማብራሪያ አለ፣ ተቃራኒውን ቢያደርግም ማብራሪያ አለ፤ ታዲያ ሐሳቡ ስህተት መሆኑ በምን ይታወቃል? ትችቱ በቂ ምክንያት ያለው ይመስለኛል። ግን ከፍሮይድ ዝና በፊት፣ በ1879 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዊልሄልም ቩንት ጀርመን፣ ላይፕዚግ ውስጥ የሳይኮሎጂ ቤተ ሙከራ ከፍቶ ነበር። የዛሬው የምርምር ሳይኮሎጂ ይበልጥ የሚቀርበው ለዚህኛው ነው።

«አእምሮ እኮ አይለካም!»

ጀርመናዊው ሳይኮሎጂስት ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸው ቃላት እየደረደረ በቃሉ ያጠና ነበር። ቆይቶ እንደገና ያጠናቸውና በሁለተኛው ዙር ምን ያህል ሰዓት እንደቆጠበ ያሰላል። ውጤቱን በ1885 አሳተመ። ከ1 ሰዓት በኋላ የቆጠበው መጀመሪያ ለማጥናት ከፈጀበት ጊዜ ከግማሽ በታች ነበር፣ ከ1 ቀን በኋላ ደግሞ ሲሶ ገደማ፤ ከዚያ ወዲያ ግን መርሳቱ እየዘገመ ይሄዳል። የሞከረው በራሱ ላይ ብቻ ስለሆነ «የአንድ ሰው ነገር!» ብሎ ማጣጣል ይቻል ነበር። በ2015 ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን ደግመው ተመሳሳይ ውጤት አገኙ። ከ130 ዓመት በኋላ!

ማመን ካቃታችሁ ራሳችሁ ሞክሩት። «ቀይ» የሚለውን ቃል በሰማያዊ ቀለም፣ «አረንጓዴ» የሚለውን በቀይ፣ እንዲህ እያላችሁ ብዙ ቃላት ጻፉና ቃሉን ትታችሁ የተጻፈበትን ቀለም ብቻ ቶሎ ቶሎ ጥሩ። ምላሳችሁ ይተሳሰራል። ጆን ሪድሊ ስትሩፕ ይህን በ1935 በሰከንድ ለክቶ አሳትሞታል።

«ማንም የሚያውቀውን ነው የሚነግሩን»

ማንም የሚያውቀው የትኛውን ነው? «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንላለን፣ ዞር ብለን ደግሞ «ሳይቃጠል በቅጠል»። «ዝም አይነቅዝም» እንላለን፣ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የምንለውም እኛው ነን። ውጤቱ ምንም ይሁን የሚስማማው ተረት አይጠፋም፤ ከሰማን በኋላ «ድሮም አውቀው ነበር» ማለት ቀላል ነው። (ይህ ዝንባሌ ራሱ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሙከራ የተጠና ነው።)

እስቲ ይህን ቀድማችሁ ትገምቱት ነበር? በ1974 ኤልዛቤት ሎፍተስ እና ጆን ፓልመር ለተማሪዎች የመኪና አደጋ ፊልም አሳዩና ስለ ፍጥነቱ ጠየቁ። ልዩነቱ ጥያቄው ውስጥ ያለችው አንዲት ግስ ናት። መኪኖቹ «ክፉኛ ሲላተሙ» ፍጥነታቸው ስንት ነበር የተባሉት በአማካይ በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር ገደማ አሉ፤ «ሲነካኩ» የተባሉት 51 ገደማ። ያዩት ያንኑ ፊልም ነው። በሌላ ሙከራ ደግሞ ከሳምንት በኋላ የተሰበረ መስታወት አይታችሁ ነበር ወይ ተባሉ። ፊልሙ ላይ አንድም ስባሪ አልነበረም። «ክፉኛ ሲላተሙ» ተብለው ከተጠየቁት 50 ሰዎች 16ቱ «አዎ፣ አይተናል» አሉ፤ «ሲጋጩ» ከተባሉት 50 ግን 7 ብቻ። የዓይን ምስክር ቃል ለሚሰማ ዳኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«ጥናቶቹ ሲደገሙ ይከሽፋሉ፣ ስለዚህ ሳይንስ አይደለም»

ይህ ጠንካራው ነጥብ ነው፣ መሸፋፈንም አያስፈልግም። በ2015 ብዙ ተመራማሪዎች ተባብረው 100 የሳይኮሎጂ ጥናቶችን ደገሙ። በመጀመሪያው ዙር 97 በመቶዎቹ በስታቲስቲክስ ጉልህ (ማለትም በአጋጣሚ ብቻ የመጣ የማይመስል) ውጤት አሳይተው ነበር፤ ሲደገሙ ግን ይህን ያሳዩት 36 በመቶ ብቻ ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት «ራስን መግዛት በተጠቀምንበት ቁጥር የሚያልቅ አቅም ነው» የሚለው ዝነኛ ሐሳብ ከ20 በላይ ቤተ ሙከራዎች ውስጥ ተፈትኖ ከዜሮ ብዙም ፈቀቅ ያላለ ውጤት ተገኘ። ያሳፍራል? አዎ።

ምክንያቱም ድብቅ አይደለም። ትንሽ ሰው ላይ ማጥናት፣ ያው ዳታ «ውጤት» እስኪሰጥ ድረስ በየአቅጣጫው ማገላበጥ፣ ከዚያ ደግሞ «ምንም አላገኘንም» የሚል ጽሑፍ ማተም የማይወዱ ጆርናሎች።

ግን ጉዱን ያወጣው ማን ነው? በአመዛኙ ራሳቸው ሳይኮሎጂስቶቹ ናቸው። የራሳቸውን የታተመ ሥራ አፍርሰው ውጤቱን በአደባባይ አወጡ። አሁን ብዙዎቹ ዳታ ከመሰብሰባቸው በፊት ምን እንደሚፈትሹና እንዴት እንደሚተነትኑ በይፋ ያስመዘግባሉ፤ በኋላ «የፈለግነው ይህንኑ ነበር» ማለት ይከብዳል። ኮከብ ቆጣሪ ትንበያው ስንቴ እንደሳተ ቆጥሮ ሲያሳትም አይታችሁ ታውቃላችሁ?

በነገራችን ላይ ችግሩ የሳይኮሎጂ ብቻ አይደለም። አምጀን የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ተመራማሪዎች በካንሰር ምርምር ትልቅ ግምት የተሰጣቸውን 53 ጥናቶች ደግመው የተረጋገጠላቸው 6 ብቻ እንደሆነ በ2012 ተዘግቧል። ለዚህ ብሎ ካንሰር ምርምርን ከሳይንስ ያስወጣ የለም።

«እኔ ነገ ምን እንደማደርግ መናገር አይችልም»

አይችልም። ሕክምናም የትኛው አጫሽ በሳንባ ካንሰር እንደሚያዝ ለይቶ አይነግራችሁም፤ ማጨስ አደጋውን በስንት እንደሚጨምር ግን ያውቃል።

«ሳይኮሎጂ የተባለ ሁሉ ሳይንስ ነው»

ይህኛው ስህተት የመጣው ከደጋፊዎቹ ነው፣ እኔን ደግሞ ይበልጥ የሚያናድደኝ እሱ ነው። ሰውን 16 ቦታ የሚከፍለውን ኤምቢቲአይ የሚባል የስብዕና ፈተና ውሰዱ። አብዛኛው ሰው መሐል አካባቢ ሆኖ ሳለ ፈተናው መሐሉ ላይ ቆርጦ ወይ እዚህ ወይ እዚያ ይመድበዋል፤ ስለዚህ ጥቂት ሳምንት ቆይተው ሲደግሙት ብዙዎች ሌላ ዓይነት ሆነው ይገኛሉ። «አንዱ በማየት፣ ሌላው በመስማት ይማራል» የሚለውም እንዲሁ ነው። ሰው ምርጫ አለው፤ እንደ ምርጫው ቢያስተምሩት ይበልጥ ያውቃል የሚለውን ግን በ2008 ማስረጃዎቹን የገመገሙ ሳይኮሎጂስቶች በቂ ድጋፍ አላገኙለትም። ሥልጠናው ግን እስከ ዛሬ ይሸጣል።