አንዴ እየተነሳች አንዴ እምቢ የምትል አሮጌ መኪና፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አሮጌ መኪና ጠዋት ያለችግር ተነስታ ከሰዓት በኋላ አልነሳ ስትል፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ስትነሳ፣ ባለቤቱን ከብልሽቱ እኩል የሚጎዳው በዙሪያው የሚሰበሰበው ምክር ነው። ምክሩ በአብዛኛው «ይህን ቀይር፣ ያንን ቀይር» የሚል በመሆኑ ደህና ዕቃ ወጥቶ ይጣላል፤ ብልሽቱ ግን እዚያው ይቀራል።

«አልነሳ ካለች ያው ባትሪ ነው።» መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ቁልፉ ሲያዝ ሞተሩ ይዞራል ወይስ አይዞርም የሚለው ነው። ሞተሪኖው (ቁልፉ ሲያዝ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ዕቃ) ሞተሩን በደንብ እያዞረው ካልተነሳ ባትሪው ድርሻውን ተወጥቷል፤ ፍለጋው ወደ ነዳጁና ነዳጁን በብልጭታ ወደሚያቀጣጥለው ካንዴላ መስመር ይሄዳል። የማይዞር ከሆነም ባትሪው ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ብቻ ነው። ካረፈ በኋላ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ተለክቶ 12.6 ቮልት አካባቢ የሚያሳይ ባትሪ የሞላ ነው። የሞላ ሆኖ ሳለ ሞተሪኖው በሚዞርበት ሰዓት ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ግን መጠርጠሩ ተገቢ ነው።

«መብራቱ ደምቆ ከበራ መስመሩ ደህና ነው።» ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያስጨርሰው ይህ እምነት ይመስለኛል። ለሁለቱ የፊት መብራቶች 10 አምፔር ገደማ ሲበቃቸው፣ የአንዲት ትንሽ መኪና ሞተሪኖ 150 አምፔር ሊስብ ይችላል። የዛገ ወይም የላላ መገጣጠሚያ ለመብራቱ የሚበቃውን ያህል ያሳልፋል፤ ሞተሪኖው ሲጠይቀው ግን ያንቃል። እኔ የያዝኳት አሮጌ ኮሮላ ሁለት ባትሪና አንድ ሞተሪኖ ከተቀየረላት በኋላም በሳምንት አንድ ቀን መንገድ ላይ ታስቀረን ነበር። በመጨረሻ እምቢ ባለችበት ሰዓት የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አሳርፈን ቁልፉ ሲያዝ፣ ከ0.3 ቮልት መብለጥ የሌለበት ልኬት 1.8 ሆኖ ተገኘ። ኔጋቲቩ ገመድ ከሞተሩ ጋር የሚታሰርበትን ብሎን ስንፈታው ሥሩ በዝገት ተሸፍኖ ነበር፤ በብርጭቆ ወረቀት አጽድተን አጥብቀን አሰርነው፣ ችግሩም በዚያው ቀረ።

«ከሌላ መኪና ባትሪ በኬብል ከተነሳች ባትሪው ሞቷል።» ኬብሉ ሲገጠም የባትሪው ራስ ይነቃነቃል፤ ላልቶ የነበረው መገጣጠሚያም በዚያው ሊገናኝ ይችላል። ኔጋቲቩ ኬብል በሞተሩ ብረት ላይ ከታሰረ ደግሞ የተበላሸውን ገመድ ተክቶ ስለሚሠራ፣ መነሳቷ የሚያስጠረጥረው ባትሪውን ብቻ ሳይሆን ያንን ገመድም ነው።

«ሞተሪኖውን መታ መታ ማድረግ መፍትሔ ነው።» መፍትሔ ሳይሆን ምርመራ ነው። ሲመታ የሚነሳ ሞተሪኖ ካርቦኑ (ወደሚሽከረከረው ክፍል ኮረንቲ የሚያስተላልፈው) ማለቁን ወይም በውስጡ ያሉት የመዳብ መገናኛዎች መበላታቸውን እየተናገረ ነው። በአሮጌ ቶዮታዎች ላይ ቁልፉ ሲያዝ አንድ ጊዜ ብቻ «ቀጭ» ብሎ ዝም የሚለው ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ መዳቦች የተነሳ ሲሆን፣ ሞተሪኖውን በሙሉ ሳይቀይሩ እነርሱን ብቻ መቀየር ይቻላል። ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ወፍራም ገመድ ቁልፉ ቢወጣም ኮረንቲ ስላለው፣ ከመፍታት በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ማላቀቅ ግዴታ ነው።

«ስትሞቅ ብቻ ካልተነሳች ሞተሩ አልቋል።» ወደዚህ ድምዳሜ መቸኮል አይገባም። እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነዳጅ ቶሎ ይተናል፤ ስለዚህ ካርቡሬተር (ነዳጅን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ዕቃ) ያላት መኪና ሞቃ ከቆመች በኋላ ሞተሯ እየዞረ አለመነሳቷ የሚጠበቅ ነው። ከቀዘቀዘች በኋላ የምትነሳ ባለ ኢንጀክተር (ነዳጁ የሚረጭባት) መኪና ከሆነች ደግሞ የክራንክ ዘንጉን ዙር የሚያነበው ሴንሰር ይፈተሽ። አውቶማቲክ ማርሽ ያላት በ«ፒ» (በማቆሚያው) እምቢ ብላ በ«ኤን» (በዜሮ ማርሽ) ከተነሳች የማርሹ ስዊች ነው የሚጠረጠረው።

«ጋራዥ ስትደርስ ስለምትነሳ፣ ፈጽማ እስክትቆም መጠበቅ ነው።» ለባለሙያ ከዕቃው በላይ የሚጠቅመው ወሬው ነው። መኪናው ውስጥ ትንሽ ደብተር ይቀመጥና እምቢ ባለች ቁጥር ሰዓቱ፣ ሞተሩ ሞቆ ወይም ቀዝቅዞ እንደነበረ፣ ምን ዓይነት ድምፅ እንደተሰማ፣ ቁልፉ ሲያዝ መብራቱ መደብዘዙ ወይም አለመደብዘዙ ይጻፍበት። መብራቱ ሳይደበዝዝ ዝም ካለች ኮረንቲው ሞተሪኖው ጋ አልደረሰም፤ ወይም ደርሶ ውስጡ አላለፈም። ከደበዘዘ ብዙውን ጊዜ ባትሪው ወይም መገጣጠሚያው ነው።