በፓርክ ውስጥ የማስጎብኘት ፈቃድ ምንድን ነው?

ጅማ ላይ ስለ ቱሪዝም ሲወራ ድሮ ቶሎ የሚጠራው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ነበር። እንግዳውን ወደ ጅሬን ማውጣት፣ ቤተ መንግሥቱን ማሳየት፣ ቡና ማጠጣት፣ መሸኘት። ዛሬ ወሬው ሰፍቷል። በጭዳ በኩል የጨበራ ጩርጩራ ፓርክ ዝሆኖች አሉ። በሸቤ በኩል በለጠ ጌራ የሚባለው ደን አለ። ትንሽ ሲገፉ ደግሞ ቦንጋና የከፋ ጫካ ይመጣል። ስለዚህ "መኪና ከተገኘ እኮ እኛም እናስጎበኛለን" የሚል ወጣት አይጠፋም። ደግ ሐሳብ ነው። ግን ከመኪናው በፊት የሚመጣ ነገር አለ።

ፈቃድ አላችሁ ወይ ሲባሉ ብዙዎች የሚያወጡት ንግድ ፈቃዳቸውን ነው። እሱ የነገሩ ግማሽ ነው። ንግድ ፈቃድ የሚለው "ይህን ሥራ መሥራት ትችላለህ" ነው። "እዚህ ቦታ ገብተህ ሥራ" አይልም። ልብስ ሰፊ ንግድ ፈቃድ ስላለው ብቻ ሲንጀሩን ተሸክሞ ሰው ግቢ ውስጥ አይዘረጋም፤ ባለቤቱን ያስፈቅዳል።

በጥብቅ ሥፍራ የማስጎብኘት ፈቃድ የምንለው ይህን ሁለተኛውን ነው። በሕግ በተከለለ ቦታ ውስጥ ገንዘብ እየተቀበሉ ሰው ይዞ ለመግባት ከቦታው አስተዳዳሪ የሚገኝ ፈቃድ ነው። አንዳንድ አገር አጭር ወረቀት ነው። አንዳንድ ቦታ ለዓመታት የሚቆይ ውል ነው፤ ያኔ ኮንሴሽን ሲባል ትሰማላችሁ። የቤተሰብ ሽርሽር እዚህ ውስጥ አይገባም። የአጎቱን ልጆች ይዞ ዝሆን ለማየት የሄደ ሰው ጎብኚ ነው፤ የመግቢያውን ከፍሎ ያልፋል። ሰው አስከፍሎ የሚያስገባው ግን ነጋዴ ነው።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ወረቀትም አለ። ሩዋንዳ ጎሪላ ለማየት የሚሄድ የውጭ ዜጋ 1,500 ዶላር ከፍሎ ፈቃድ ይቆርጣል። አንዱን የጎሪላ ቤተሰብ በቀን ከ8 በላይ ጎብኚ አያየውም፣ ያውም ለአንድ ሰዓት። ዜናው ብዙ ጊዜ ስለሚነገር "የፓርክ ፈቃድ" ሲባል ሰው የሚያስበው እሱን ነው። እሱ የጎብኚው ፈቃድ ነው። እኛ የምናወራው ስለ አስጎብኚው ነው።

የመጀመሪያውን ግማሽ ቶሎ እንለፈው፤ ማንም ነጋዴ የሚያውቀው መንገድ ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይወጣል። የንግድ ምዝገባ ይደረጋል። ከቱሪዝም መሥሪያ ቤት የብቃት ማረጋገጫ ይገኛል። ከዚያ ንግድ ፈቃድ ይሰጣል፣ በየዓመቱም ይታደሳል። ልብ በሉ፣ በግለሰብ ደረጃ አስጎብኚ መሆንና አስጎብኚ ድርጅት መክፈት አንድ አይደሉም። የሚጠየቀውም መስፈርት ይለያያል። ተሽከርካሪና ቢሮ የሚነሳው ድርጅት ሲሆን ነው። ስለዚህ የቱን እንደምትፈልጉ ሳትወስኑ ወረፋ አትያዙ።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ቦታው የማን ነው?

የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ጥብቅ ሥፍራዎችን በአስተዳዳሪያቸው ይለያያቸዋል። ሁለትና ከዚያ በላይ ክልል ውስጥ የሚገኙ ፓርኮች፣ ድንበር ተሻጋሪ የሆኑና ብርቅዬ ወይም ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳት ያሉባቸው ወደ ፌዴራል ያደላሉ። ሌሎቹን ክልሎች ያስተዳድራሉ። የአካባቢ ማኅበረሰብና የግል ባለሀብትም ሊያስተዳድሩ የሚችሉበት ቀዳዳ አለ። ፌዴራሉን ወክሎ የሚሠራው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 575/2000 ነው።

ይህ ለጅማ ሰው ደረቅ የሕግ ወሬ አይደለም። ጅማ ያለችው ኦሮሚያ ውስጥ ነው። ጨበራ ጩርጩራ ደግሞ በ1997 ዓ.ም. ፓርክ ሆኖ የተከለለው በኮንታና በዳውሮ ነው፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ማለት ነው። ጅማ ላይ ያወጣችሁት ወረቀት እዚያ ስትደርሱ ማንነታችሁን ያስረዳል እንጂ በር አይከፍትም። በጠዋት ከጅማ ተነስታችሁ፣ እንግዳ ጭናችሁ፣ ጭዳን አልፋችሁ በር ላይ "ከማን ተጻፈላችሁ?" ብትባሉ የምትመልሱት መኖር አለበት።

በለጠ ጌራ ሌላ ታሪክ ነው። ብሔራዊ ፓርክ አይደለም፣ ደን ነው፤ ጅማ ዞን ውስጥ። ከመንግሥት የደን አስተዳደር ጋር የአካባቢው ነዋሪ በማኅበር ተደራጅቶ ይጠብቀዋል። የጫካ ቡናውንም የሚለቅመው እሱ ነው። እዚያ እንግዳ ይዛችሁ የቡና ጫካ ልታሳዩ ብትፈልጉ የምትረግጡት መሬት የሌላ ሰው ቡና መልቀሚያ ሊሆን ይችላል። ከቢሮ ደብዳቤ ብታመጡ እንኳ ማኅበሩን ሳታናግሩ መግባት ነውር ነው። አይበጅምም።

ከፋ ሲደረስ ደግሞ ጥያቄው "የትኛው ክፍል?" ይሆናል። የከፋ ባዮስፌር ሪዘርቭ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው። ባዮስፌር ሪዘርቭ ማለት ተፈጥሮው ከነዋሪው ጋር አብሮ የሚጠበቅበት ሥፍራ ነው፤ ሦስት ቀለበት አለው። መሐሉ በጥብቅ የሚጠበቀው ነው። ዙሪያው ጥንቃቄ የተሞላበት አጠቃቀም የሚፈቀድበት ነው። ውጭኛው ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት ነው። ውጭኛው ላይ የማር ቀፎ ማሳየትና መሐሉ ውስጥ ድንኳን መትከል አንድ ዓይነት ጥያቄ አይደሉም። ማመልከቻ ላይ "ከፋን ለማስጎብኘት" ብሎ መጻፍ ምንም እንዳለመጻፍ ነው።

ነገሩ አዲስ የሚመስለው ካለ ወደ አደን ይመልከት። ቁጥጥር የሚደረግባቸው የአደን ሥፍራዎች ለአደን ድርጅቶች በውል ይሰጣሉ። አዳኙን ይዞ የሚወጣው ባለሙያ አዳኝ የራሱ ፈቃድ አለው። በዓመት ስንት እንስሳ እንደሚታደን በኮታ ይወሰናል። የሙያው ፈቃድ፣ የቦታው ውል፣ የቁጥሩ ገደብ፣ ሦስቱም ለየብቻ ቆመዋል። በእኔ እምነት ካሜራ ይዞ ለሚገባው እንግዳም ይኸው ሥርዓት ይበጃል። ኒያላ በጥይት ብቻ አይጎዳም። በየቀኑ መኪና የሚያባርረው እንስሳም ግጦሹን ትቶ ይሸሻል።

ሌላው ዓለም ይህን በአንድ ወረቀት ያጠቃልለዋል። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው የጥበቃ ሕጓ በመንግሥት ጥብቅ መሬት ላይ የሚነግድ አስጎብኚ ኮንሴሽን እንዲያወጣ ታስገድዳለች። አመልካቹ የሚሄድበትን ቦታ ብቻ ሳይሆን ሥራው ቦታውን ምን ያህል እንደሚነካና ጉዳቱን እንዴት እንደሚቀንስ መጻፍ አለበት። ጉዳቱ የማይቀነስ ከሆነ ሊከለከል ይችላል። አሜሪካ ውስጥ በብሔራዊ ፓርኮች ለአነስተኛ አስጎብኚዎች የሚሰጠው ፈቃድ ከ2 ዓመት አይበልጥም። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሕግ "ከዚህ በፊት ነበረኝና ቅድሚያ ይሰጠኝ" ማለትንም አይቀበልም። ሎጅና ሆቴል የሚያንቀሳቅሱት ግን ረዘም ያለ ውል ይገባሉ፤ በተለምዶ እስከ 10 ዓመት፣ ሲበዛ እስከ 20። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ግድግዳ የሠራ ሰው በሁለት ዓመት ገንዘቡን አይመልስም። ጫማና ጃንጥላ ይዞ የሚያስጎበኝ ግን ይችላል።

ቅጾቹ በየአገሩ ቢለያዩም የሚጠየቀው ያው ነው። በየትኛው መንገድ ትሄዳለህ? በአንድ ጊዜ ስንት ሰው? በእግር ነው በመኪና? ታድራለህ? ቆሻሻውን ማን ይመልሳል? ሰው ቢጎዳ ምን ታደርጋለህ? የመጨረሻው ቀላል ጥያቄ አይደለም። ዝሆንና ጎሽ ባሉበት ፓርክ በእግር የሚያስኬድ አስጎብኚ የመጀመሪያ እርዳታ ካልተማረ፣ ስልክ የሚይዝበትን ቦታ ካላወቀ፣ ቅርብ ጤና ጣቢያ የት እንዳለ ካልጠየቀ፣ ቋንቋ ቢችልም ምን ዋጋ አለው? እውነቱን ለመናገር እኛ ጋ እንግሊዝኛ ከሚገባው በላይ ይከበራል። እንስሳን የሚያውቅ እረኛ ከአምስት ኮርስ ይሻላል።

እዚህ ላይ ብዙ አዲስ አስጎብኚዎችን የሚያናድድ ነገር አለ። ሁሉንም ወረቀት አሟልታችሁ ሄዳችሁም "የአካባቢ አስጎብኚና ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ያዙ" ልትባሉ ትችላላችሁ። ሰሜን ተራሮች የሄደ ያውቀዋል። ደባርቅ ላይ መግቢያ ይከፈላል፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት ይመደባል፣ የአካባቢው አስጎብኚዎችም በማኅበር ተደራጅተው ተራ ይጠብቃሉ። ባሌ ዲንሾም የአስጎብኚዎች ማኅበር አለ። "እኔ ራሴ አስጎብኚ አይደለሁም እንዴ?" ማለት ያምራችኋል። ነገር ግን ስካውቱ የፓርኩ ዓይን ነው፤ ደመወዙም ታማኝነቱም ከፓርኩ ነው። የአካባቢው ልጅ ደግሞ ዝሆኑ ትናንት የማንን በቆሎ እንደበላ ያውቃል። እሱ ከእንግዳው ምንም ካላገኘ ዝሆኑን የሚጠብቅበት ምክንያት ያንሳል። ስለዚህ ይህን ወጪ ከመጀመሪያው ዋጋችሁ ውስጥ አስገቡት። እንግዳው በር ላይ ተጨማሪ ሲጠየቅ ቢበሳጭ የሚወቅሰው እናንተን ነው።

ፊልም መቅረጽ፣ ድሮን ማስነሳትና ጥናት ማካሄድ ለየብቻቸው ይጠየቃሉ። የማስጎብኘት ፈቃድ እነሱን አይሸፍንም።

መጀመሪያ ለማመልከት ያሰበ ሰው ትንሽ ቢጠይቅ ይሻለዋል። አንድ መንገድ፣ የተወሰነ ሰው፣ አንድ የበጋ ወቅት። የኛ አካባቢ ዝናብ ረጅም ነው። በክረምት ጭቃ ላይ የሚሄድ መኪና መንገዱን ቆፍሮ ይተወዋል፤ ፓርኩም ይህን ያውቃል። ካርታ አያይዙ፤ በእጅ የተሳለም ቢሆን መንገዱ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ያሳይ። ወቅቱ ሲያልቅ ያስገባችሁትን ሰው ቁጥር፣ የገባችሁበትን ቀንና ያያችሁትን እንስሳ ጽፋችሁ አስገቡ፤ ባትጠየቁም። በሚቀጥለው ዓመት ለማሳደስ ስትሄዱ ኃላፊው ተቀይሮ ቢጠብቃችሁ እንኳ ፋይሉ ውስጥ የሚነበብ ነገር ይኖራል። ማመልከቻውንም ስታስገቡ መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን አስጽፉበት፣ ኮፒውንም ይዛችሁ ውጡ። "ተመርቷል" ከተባለ ለማን እንደተመራ ጠይቁ።